ማሽን ሲሳሳት አይጮህም

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ በዕብራይስጥ ፔንስያ ይሉታል፤ እኔ ግን ጡረታ ሲባል ነው መቀመጤ የሚታወቀኝ። አሽቀሎን ከተማ አፍሪዳር በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ተሸጧል። የጥፍር ማሳመሪያ ቤት ሊሆን ነው አሉ። ይሁን። ጥፍር ሁልጊዜ ያድጋል፤ ኮምፒውተር ግን ዛሬ ሲበላሽ ይጣላል እንጂ ማንም አያስጠግነውም።

የእኔ ልዩ ሥራ ደግሞ ከጥገናውም የባሰ ጊዜው ያለፈበት ነው። እኔ ፕሮሰሰር አፍጣኝ ነበርኩ። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ፋብሪካው በዚህ ፍጥነት ሥራ ብሎ ወስኖለት ይልከዋል። እኛ ከዚያ በላይ እንዲሮጥ እናደርገዋለን፣ ሲሮጥ ስለሚግል ደግሞ እናቀዘቅዘዋለን። ማፍጠኑን ማንም ይችለዋል፤ ሙያው ማቀዝቀዙ ላይ ነው። አሁን አሁን ፕሮሰሰሮቹ ሙቀታቸውን ራሳቸው እየለኩ ይፈጥናሉ፣ ሲግሉም ራሳቸው ረገብ ይላሉ። ጎረምሶቹ ሱቅ መጥተው "ዶዳ፣ አክስቴ፣ ይህን ነገር ትንሽ አፍጥኚልኝ" ማለታቸውን ከተዉ ቆይቷል። እኔም አልፈረድኩባቸውም።

ሥራ የጀመርኩት ግን በኮምፒውተር አልነበረም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ከመጣን በኋላ ዕብራይስጡን እንደ ነገሩ ለቃቅሜ የገባሁት ማዝጋን የሚገጥም ፋብሪካ ነው። ማዝጋን እዚህ አገር ያለሱ በጋ የማይገፋው የቤት ማቀዝቀዣ ነው። ጎንደር ከተማ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ስለነበር፣ አለቃው ቁጥር ማንበቤን አይቶ ከማሸጊያው ወደ ፍተሻው አዛወረኝ። ሙቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ነፋስ ለምን በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት እንዳለበት የተማርኩት እዚያ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ የሥራ ቢሮው የቴክኒሻን ትምህርት ላይ ላከኝ። ስጨርስ የምስክር ወረቀቴን ይዤ አፍሪዳር ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ትንሽ ሆኖም ቀረ። ባለቤቱ ያኮቭ ክፉ ሰው አልነበረም፣ "ካዲማ፣ ካዲማ፣ ቶሎ በሉ" ከማለት በቀር ሌላ ሥራ ግን አልነበረውም።

ያሠለጠነኝ ሰሚዮን ነው። እኛ በመጣንበት ዘመን ከሩሲያ የመጣ፣ ረጅም፣ ጎባጣ፣ አንድ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነበር። ዕብራይስጡ ከእኔም ይብስ ስለነበር ሁለታችን እንግባባ ነበር፤ ያኮቭ ግን ሁለታችንንም አይሰማንም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ በስሙ ብቻ መጥራት አፌ እንቢ አለኝ፤ ጋሼ አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት። "እኛ አገር ሰው ለማክበር ስሙንም የአባቱንም ስም መጥራት አለብሽ። እናንተ በአንድ ቃል ጨረሳችሁት" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰሚዮን ብዬ ከጠራሁት የተቆጣሁ ይመስለው ነበር።

የሰሚዮን ልማድ ብዙ ነው። ከኋላ ኪሱ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አይጠፋም፤ ያን ጨርቅ በየማታው ራሱ ያጥበዋል። ኮምፒውተር ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የማቀዝቀዣውን የብረት ክንፎች ነው። የአሽቀሎን አየር ጨው አለበት፤ ጨውና አቧራ ተጋግረው በክንፎቹ መሐል ይቀመጣሉ። እሱን በብሩሽ ሳያጸዳ ማፍጠን የለም። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሐል ሙቀት የሚያሻግረውን አሮጌ ቅባት በአልኮል ጠርጎ ብረቱ ፊት እስኪያሳይ ይወለውለዋል። አዲሱን ቅባት የሽምብራ ፍሬ ያህል መሐሉ ላይ ያኖራል፤ አብዝቼ ስቀባ ካየ "ዳቦ እየቀባሽ ነው?" ይለኛል። ብሎኖቹን በአንድ ወገን ጨርሶ አያጠብቅም፣ ማዕዘን ለማዕዘን እያለዋወጠ ትንሽ ትንሽ ነው። ከዚያ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ከማራገቢያው ፊት ይይዛል። ሶፍቱ ከፊት ከተሳበ፣ ከኋላ ደግሞ ከተገፋ፣ ነፋሱ መንገዱን አውቋል ማለት ነው።

ፍጥነቱን የሚጨምረው በትንሽ በትንሹ ነው። አንድ እርከን ጨምሮ ይፈትናል፤ ካልጸናለት ቮልቴጁን ለአመል ታህል ከፍ አድርጎ ደግሞ ይፈትናል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብዬ ስተረጉምለት በጣም ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያኮቭ በመጣ ቁጥር "ትርንጎ፣ እንቁላሉ የት ደረሰ?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። የመጨረሻውን ፈተና የሚያደርገው ግን ማዝጋኑን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ከምድረ በዳው ትኩስ ነፋስ በሚነሳበት ቀን ነው። ላብ እያንጠባጠብን እንጠብቃለን። እሱ የእጁን ጀርባ በማሽኑ ጎን ላይ ያሳርፋል፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

አንድ ጊዜ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ አንድ ልጅ ሥራ ተከምሮበት መጣ። ማሽኑን አፈጠንለት። በቀዝቃዛው ክፍል ምንም አላለም፤ ሰሚዮን ግን ክፍሉን ሳላሞቅ አልሰጥም አለ። ልጁ ጮኸ፣ ያኮቭም ጮኸ። ክፍሉ ሲሞቅ ማሽኑ እንደ በፊቱ እየሠራ ስሌቱን ግን ይስት ጀመር። ሰሚዮን ወደ እኔ ዞሮ "ሲግል የሚጠፋ ማሽን ጨዋ ነው" አለኝ። "የሚያስፈራኝ ግሎ ሥራውን የሚቀጥለው ነው። ማሽን ሲሳሳት አይጮህም።" ፍጥነቱን አንድ እርከን አውርዶ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ለስንት ደንበኛ እንደነገርኩ አላውቅም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ታከለ ታላቄ ነው። ሰው ወደ ኢየሩሳሌም ልሂድ ብሎ በሱዳን በኩል በእግሩ በሚወጣበት ዘመን፣ ከጓደኛው ጋር ከመንደር ወጣ። እኔ ያኔ ጎንደር ከተማ ነበርኩ፤ ሳልሰናበተው ቀረሁ። በዚያ ጊዜ መጻፍ የማይችል፣ ወይም የሚያነብለት የሌለው ሰው ድምፁን በካሴት ቀርጾ ይልክ ነበር። ታከለም ከሱዳን የመጠለያ ሰፈር አንድ ካሴት ላከ። ካሴቱ በስንት ሰው እጅ አልፎ እናትና አባቴ ዘንድ ደረሰ፤ በጎረቤት ቴፕ አንድ ጊዜ ሰሙት። ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ። ታከለ እዚያው ሰፈር ውስጥ በበሽታ ሞቷል፤ የት እንደተቀበረ የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። እናቴ ካሴቱን በነጠላ ጠቅልላ አሰረችው። ወደዚህ አገር ስትመጣ ከያዘችው ትንሽ ነገር አንዱ እሱ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አባቴ እዚሁ አሽቀሎን ሞቶ ተቀበረ። እናቴ፣ እማማ ውድነሽ፣ ሺምሾን ሰፈር በአንዲት ትንሽ ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ልቧም ይደክም ጀምሯል። አንድ ዓርብ ጠዋት ልጠይቃት ስሄድ ያን ነጠላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አገኘኋት።

"ትርንጎ፣ ያ ፈረንጁ ጋሼሽ የድሮ ድምፅ ያጠራል ብለሽኝ አልነበር?"

"ያጠራል እማዬ።"

"የእኔም ጆሮ እንዲሰማው አርጎ?"

"አድርጎ።"

"ታከለ መጨረሻ ላይ አደራ ብሎኛል" አለች። "ምን እንደሆነ አልሰማሁትም። የቴፑ ባትሪ አልቆ ድምፁ ይጎተት ነበር፣ እኔም አለቅስ ነበር። አባትሽ 'ሰምቻለሁ' አለኝ። እሱ ከሰማ ብዬ ተውኩት። መርዶው ከመጣ በኋላ ብጠይቀው 'ሌላ ቀን' አለኝ። ሌላ ቀን ሳይመጣ እሱም ሄደ።"

"ለምን እስከዛሬ አላስከፈትሽውም?"

"ቢበጠስስ? እፈራ ነበር። አሁን የምፈራው ሌላ ነው። አደራ በላ ሆኜ መሞቱን ነው።"

እናቴ ፊት ለፊት የምታለቅስ ሴት አልነበረችም። ለእኔም ቃሏ ጥቂት ነበር፤ ከታከለ ሞት በኋላ ቤት ውስጥ ያለሁ መሆኔን የምትረሳ የሚመስለኝ ቀን ብዙ ነው። ያን ቀን ግን እጄን ይዛ "ቶሎ በይልኝ" አለችኝ።

ካሴቱን ለሰሚዮን ወሰድኩለት። መነጽሩን አወለቀና በነጩ ጨርቅ ተቀበለው። በትንሿ መስኮት ሲያየው ክሩ ቡናማ ዱቄት ያራግፋል። "ይህን አንድ ጊዜ ማጫወት ይቻላል። ሁለተኛውን አላምነውም" አለ። ስለ አደራው ስነግረው ደግሞ ሥራውን አቁሞ ተቀመጠ። እናቱ በትውልድ አገሩ ስትሞት እሱ እዚህ ነበር። በስልክ አናገራት፤ መስመሩ መጥፎ ስለነበር የመጨረሻ ቃሏን አልሰማም። "'እሺ እማማ፣ እሺ' አልኳት" አለኝ። "ምን ላይ እሺ እንዳልኩ እስከዛሬ አላውቅም።"

የሱቁ ማሽን አሮጌ ነበር። ሰሚዮን የፈለገው ካሴቱ በዚያች በአንዷ ጊዜ ሲጫወት ማሽኑ ጥሬውን ድምፅ እየቀዳ፣ ወዲያው እያጠራና ከፍ እያደረገ ሁለቱንም ጎን ለጎን እንዲጽፍ ነው፤ የጠራውን እየሰማ ደግሞ የማጫወቻውን ጭንቅላት ለማስተካከል። ያ አሮጌ ማሽን በተፈጥሮ ፍጥነቱ አይደርስበትም። ስለዚህ አፈጠነው። እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ትልቅ አዲስ ማቀዝቀዣ ከራሱ ኪስ ገዝቶ ገጠመ። ክንፎቹን፣ ቅባቱን፣ ብሎኖቹን፣ የሶፍቱን ቁራጭ፣ ሁሉንም አደረገ። በቀዝቃዛ ክፍል ፈተነው፣ አለፈ። የቀረው መስኮት ተዘግቶ፣ ማዝጋን ጠፍቶ የሚደረገው ፈተና ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል እናቴ ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ልቧ በጣም ደክሟል፣ ቤቷ ትረፍ ብለው መለሷት። ለሰሚዮን ስነግረው ማሽኑን ቆሞ አየው።

"ዛሬ እንቅዳው" አለ።

"የሙቀቱ ፈተናስ ጋሼ?"

"ማዝጋኑ እየሠራ ነው። ማን ያጠፋዋል?" አለኝ። "እናትሽ እኔን እስክጨርስ አትጠብቅም።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእኛ ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀም አልነበረም።

ካሴቱ መዞር ጀመረ። ሰሚዮን የመጀመሪያዋን ቃል በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ የድምፁን መጠን አስተካከለና ማዳመጫውን ወደ እኔ ዘረጋ። አልተቀበልኩትም። በእኛ ዘንድ ለእናት የተላከን ቃል እናት ሳትሰማው ሌላ አይሰማውም፤ አደራ ያለበት ቃል ከሆነማ ጭራሽ። "ከእሷ በፊት ጆሮ አይገባበትም" አልኩት። ሰሚዮን አማርኛ አይችልም፣ ቢሰማውም ለእሱ ድምፅ ብቻ ነው። ቢሆንም አክብሮ ማዳመጫውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀሪውን ማሽኑ ብቻውን ሰማ።

ከዚያ አዛካው ጮኸ። እዚህ ከተማ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ሰው የያዘውን ጥሎ መሮጥ ነው። ካሴቱን እንደሚዞር ትተን ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጠለያ ገባን። ፍንዳታው ሩቅ አልነበረም። መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ተመልሶም መጣ። አንዱ አዛካ ሳያልቅ ሌላው ስለቀጠለ እዚያው ቆየን። ስንመለስ ሱቁ ታፍኖ ነበር። ማሽኑ ከነካሴት ማጫወቻው ተጠባባቂ ባትሪ ላይ ስለተሰካ መብራት መጥፋቱን ሳያውቅ ሥራውን ጨርሷል፤ ማዝጋኑ ግን አንዴ ከጠፋ በእጅ ካልተነሳ አይነሳም። ሰሚዮን አስነሳው። ስክሪኑ ላይ ቅጂው ሙሉ ነው ይላል። ሁልጊዜ የሙቀቱን ከፍተኛ ምልክት ሳያይ ከማሽን ፊት የማይነሳ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ሳያየው ስልኬ ጮኸ፤ የእናቴ ጎረቤት እትዬ ባንቺ ናት፤ "እናትሽ አዛካው አስደንግጧታል፣ ቶሎ ነይ" አለችኝ። ሰሚዮን ድምፁን በዲስክ ቀድቶ ከካሴቱ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተተና "ሩጪ" አለኝ።

እናቴ ተረጋግታ አገኘኋት። ያመጣሁትን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚገባባት ሆና ተቀመጠች። ድምፁን ከፈትኩ።

"እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል። እኔ ታከለ ነኝ። ደህና ነኝ።"

ጥርት ያለ ነበር። አጠገባችን የተቀመጠ ያህል። ወንድሜ እንዲህ ወጣት መሆኑን ረስቼው ኖሯል፤ የልጄ ድምፅ ነው የሚመስለው። እናቴ እጇን አነሳች። "ዝጊው" አለችኝ። "ለዛሬ ይህ ይበቃኛል። ነገ ደግሞ ትንሽ። እንዳያልቅብኝ።" ዘጋሁት።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ ስሄድ በሩ ክፍት ነው፤ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እትዬ ባንቺና ሌሎች የሰፈሩ ሴቶች ከበዋታል። ደነገጥኩ። ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኩ።

"ታከለ" አለች እናቴ። "ልጄን ቀበርኩት።"

ያደረገችው እንዲህ ነው። ድምፁ ወደ ዲስኩ ሲገባ ካሴቱን ለቆ የሄደ መስሏታል። ሰው ቤት ሲለውጥ ያሮጌው ቤት ባዶ እንደሚቀር ማለት ነው። የቀረው ካሴት ለእሷ የልጇ አስከሬን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያላገኘችውን አገኘች። ያን በነጠላ የታሰረ ነገር ይዛ ከእትዬ ባንቺ ጋር በታክሲ መቃብር ሄደች፤ ከአባቴ መቃብር አጠገብ፣ ለራሷ በተያዘው ቦታ ጠርዝ፣ አሸዋውን በማንኪያ ቆፍራ አኖረችው። ተመልሳም ለቅሶ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዘመን ያልተለቀሰ ለቅሶ ነበረና ሴቶቹ አንዳቸውም አልሳቁም፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ።

የለቅሶው ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ የቀረውን እንስማ አለች። ታከለ አባቴን ሰላም አለ። ዘመድ ጎረቤቱን በስም እየጠራ ሰላም አለ። "ትርንጎ ከጎንደር መጣች ወይ?" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እማዬ፣ አንድ አደራ አለኝ ባንቺ ላይ" አለ።

ቀጥሎ የመጣው የቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚመስል መንኳኳት ነበር። እስከ መጨረሻው እሱ ብቻ ነው። እናቴ "ጆሮዬ ነው?" አለችኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። "አይ እማዬ፣ ጆሮሽ አይደለም" አልኳት።

ሱቅ ሄጄ ለሰሚዮን ነገርኩት። ያኔ ነው የሙቀቱን መዝገብ ስክሪኑ ላይ ያወጣው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ፣ እኛ መጠለያ ውስጥ በተቀመጥንበት ጊዜ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ማሽኑ ግሏል፣ አልጠፋም፣ እየሳተ መጻፉን ቀጥሏል። ጥሬውም የጠራውም ያለፉት በአንድ የታመመ ማሽን በኩል ስለሆነ ሁለቱም ጠፍተዋል። ሰሚዮን ያን መስመር በጣቱ ደጋግሞ ተከተለው። "ነገርኩሽ አይደል?" አለ። "ሁሉን የነገርኩሽ እኔ አይደለሁም?" የሰባ ዓመት ሰው ፊቴ አለቀሰ።

በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከእኔ ጋር ሺምሾን መጣና እናቴ ፊት ቆመ። እኔ አስተረጎምኩ።

"እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካሴቱ አሸዋ ውስጥ ብዙ አልቆየም። እናውጣው። በዝግታ እቀዳዋለሁ፣ ማሽኑን አላፈጥነውም።"

እናቴ ወንበር ስጪው አለችኝ። ከዚያ "ልጄን አንዴ ለመቅበር ስንት ዘመን ጠበቅሁ" አለች። "ከመቃብር ሰው አይወጣም። ንገሪው፤ አልተቀየምኩትም። አዛካውን እሱ አላስጮኸውም።" ይህን ስተረጉምለት አንገቱን ደፋ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

እናቴ ግን አደራውን አልተወችውም። ምን እንደሆነ ካላወቅሁ፣ አለች፣ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። ከታከለ ጋር የሄደውን የጓደኛውን እናት "ልጅሽ ልጄን አሳሳተብኝ" ብላ አስቀይማት ነበር፤ ያቺን ሴት ለመፈለግ በዚያ ደካማ ልቧ ባቡር ተሳፍረን ሌላ ከተማ ሄድን። አሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ደረጃው ላይ ሦስቴ አረፈች። እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀቻት። ከአባቴ እህት ጋር ተኳርፋ ነበር፤ ታረቀች። ታከለ "እማዬ ፊደል ቁጠሪ" ይላት ስለነበር፣ የአረጋውያን መዋያ ሄዳ ሀ ሁ ጀመረች። አንዱን በጨረሰች ቁጥር "ይሄ ይሆን?" ብላ ታየኛለች። "ይሆናል" እላታለሁ። በየቀኑ እየደከመች ነበር፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ እዋሻት ነበር፣ ይህን አላፍርበትም።

የመጨረሻዋ ሰሞን አልጋ ላይ ዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉሬን ነካችኝ። እናቴ ከልጅነቴ ወዲህ ፀጉሬን ነክታኝ አታውቅም።

"ትርንጎ፣ ያልሞከርኩት አንድ ቀርቷል" አለችኝ። "'ትርንጎን ደህና አርገሽ ያዢያት' ብሎኝስ ይሆን? ስምሽን ጠርቶ ወዲያው ነው አደራ ያለው።"

"ይዘሽኛል እማዬ።"

"አልያዝኩሽም" አለች። "ሁሌ የማየው የሄደውን ነበር። አንቺ ፊቴ ቆመሽ።"

እጇ ፀጉሬ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ብዙ አልቆየችም።

ቀብሯ ላይ ሰሚዮን ከኋላ ቆሞ ነበር። እዚህ አገር ሬሳው ከወረደ በኋላ አፈሩን የሚመልሰው ቀባሪው ብቻ አይደለም፤ ሐዘንተኛው ሁሉ አካፋ እየተቀባበለ ይመልሳል። ወንዶቹ በተራ መለሱ። ሰሚዮንም በታማሚ ጉልበቱ መጥቶ አካፋውን ያዘና ከአሸዋው ክምር ዛቀ። ቀና ሲል አካፋው ላይ ከአሸዋው ጋር የበሰበሰ ነጠላ አለ። ከነጠላው ውስጥ የካሴቱ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ቆፋሪዎቹ የእናቴን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ሳያዩት አብረው አውጥተውት ነው።

ሰሚዮን አካፋውን ይዞ ቆመ። በግራ እጁ አሸዋውን ጠረግ አድርጎ በትንሿ መስኮት ወደ ውስጥ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ልመና ነው።

"ትርንጎ፣ ክሩ ደህና ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ይሠራል።"

እንደሚሠራ አውቅ ነበር። እሱ ይሠራል ካለ ይሠራል። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። አደራው እኔ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም፣ ወንድሜ በመጨረሻ ቃሉ አስቦኝ ነበር ወይስ አላሰበኝም፣ መልሱ አካፋው ላይ ነበር። ሰሚዮንም ያን ካሴት ከእኔ ይበልጥ ይፈልገው ነበር፤ ከጥፋቱ የሚያሳርፈው እሱ ብቻ ነው። ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው "ማ ኮሬ? ምን ሆነ?" አለ። ወደ ጉድጓዱ አየሁ። ነጩ መግነዝ ገና ሙሉ በሙሉ አልተሸፈነም ነበር። ከመቃብር ሰው አይወጣም ብላኛለች።

"መልሰው፣ ጋሼ" አልኩት።

አካፋውን አዘነበለ፤ ካሴቱ ከአሸዋው ጋር ደረቷ አካባቢ ወረደ። ሌላ አካፋ ዛቀ፣ ደግሞም ሌላ። ሰዎቹ ሊቀበሉት እጃቸውን ሲዘረጉ አልሰጥም አለ። እስኪሞላ ድረስ ብቻውን መለሰው።